የደነገጡት አይጦች

አይጧ የጋለው ሳህን ላይ አራት ሰከንድ እንኳ ሳትቆይ ትዘላለች። ቶሎ አነሳታለሁ። እግሯን እየደጋገመች ትልሳለች። አሥረኛዋ ናት፤ ሳምንት ሙሉ ያሳረፍኳቸው አሥሩም እንዲሁ ሆኑ። ያጠጣኋቸው ቅጠል ሕመሙን ምንም አላስታገሰላቸውም።

ባለፈው ወር ይኸው ቅጠል የተሰጣቸው አይጦች እዚሁ ሳህን ላይ ሃያ ሰከንድ ሲቆሙ በደስታ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም ነበር። እነዚያ ግን ከጅማ እዚህ ሚዛን ከተማ ድረስ በሚኒባስ፣ ካርቶን ውስጥ ሲንገላቱ የመጡ ናቸው። የዚያን ዕለት ለሦስት ቀን ጠፍቶ የሰነበተው መብራት መጣ። ተመልሶ ሳይሄድብኝ ብዬ፣ ሳላሳርፋቸው ሞከርኩባቸው። ያወዳደርኳቸው ደግሞ ውሃ ብቻ ከሰጠኋቸው፣ እዚሁ ካደጉና እጄን ከለመዱ አይጦች ጋር ነው። ድንጋጤ ብቻውን ሕመም እንደሚያደነዝዝ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ።

የቤተ ሙከራው በር ይንኳኳል። ቅጠሉን ከጫካ ያመጡልኝ እትዬ በየነች ናቸው። ፊታቸው በርቷል።

«ታፈሰን በባጃጅ አመጣሁት ልጄ፤ ራሱ ያመስግንሽ ብዬ። ውጪ ተቀምጧል።»

ባላቸው ጋሽ ታፈሰ የንብ ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ከዛፍ ከወደቁ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ወገባቸው ነው የተጎዳው።

«ሕመሙ ተሻላቸው?» እላለሁ።

«ድሮማ ሲጮህ ነበር የሚያድር። ቅጠሉ ይሠራል ካልሽኝ ወዲህ ትንፍሽ አይልም! የሆስፒታሉን ክኒን ለጎረቤት ሰጠሁት። በዚያው ሳምንት እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆሜ መሰከርኩ።»

በመስኮቱ አያለሁ። ጋሽ ታፈሰ የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። ፀሐይ የለም፤ ግንባራቸው ግን በላብ ርሷል። ሲያዩኝ ጥርሳቸውን እንደነከሱ ፈገግ ይላሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ የሁለቱም ቀን ውጤት ያለው እኔ ደብተር ላይ ብቻ ነው። እሳቸው ግን እንዲህ ላብ እያጠመቃቸው ሊከርሙ ነው።

የእትዬ በየነችን እጅ ይዤ እወጣለሁ፤ ሁለቱም እንዲሰሙኝ።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። ቅጠሉ ሕመም አያስታግስም። አይጦቹ ያኔ ዝም ያሉት ደንግጠው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጋሽ ታፈሰ ዛሬውኑ ወደ ክኒናቸው ይመለሱ።»

ይቆጡኛል ብዬ እጠብቃለሁ። እትዬ በየነች ግን ወደ ባላቸው ይዞራሉ።

«ታፈሰ? ተሽሎኛል ስትለኝ አልነበር?»

ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

«ጉባኤ ፊት መሰከርሽ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልጩህ?»

ከዚያ እጃቸውን ከአግዳሚው ይለቃሉ። ወር ሙሉ የዋጡት ጩኸት ግቢውን ይሞላዋል።