የአምባው ልጅ መሐላ

ሀይሉ ከኤላት የተነሣው የይጋልን ጣቶች ለመስበር ነው።

ነገሩ የመጣው ከራዲዮ ነው። ፒያኒስቱ ይጋል ለሀይሉ አባት፣ ለአባባ አምባው ክብር የጃዝ አልበም አውጥቷል። አምባው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ሙዚቀኞች ያሉት የስዊንግ ባንድ ይመሩ ነበር። እስራኤል መጥተው ቤርሼባ ከገቡ በኋላ ይጋልን ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ታዲያ ይጋል በራዲዮ፣ «አባባ አምባው ስሳሳት ጣቴን በዱላ ይመቱኝ ነበር» አለ። ሀይሉ በሚሠራበት ሆቴል ኩሽና ይህን ሲሰማ ራዲዮውን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ቀጥሎ የተባለውን አልሰማም።

«አባቴን በስተርጅናቸው አዋረዳቸው። ጣቶቹን ባልሰብር የአምባው ልጅ አይደለሁም» ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ማለ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ሀይሉ ደግሞ ተረቱን እንደ ሕግ የሚይዝ ሰው ነው። ጻቫ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ፣ በአባቱ ስም የቀለደ አንድ ወታደር መንጋጋው ተጣሞ ቀርቷል።

በሳምንቱ ጠዋት እህቱ ፀዳል ደወለች። ድምጿ ሻክሯል።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ነው። ዛሬውኑ ና። ይጋል ሊያናግርህ ይፈልጋል።»

«እኔም እፈልገዋለሁ።»

«ወደ ቤት አትምጣ፤ ቀጥ ብለህ እሱ ጋ ግባ።»

ለአንድ ሰዓት ፈቃድ ምራቅ የሚያስደርቀው አለቃው ያን ቀን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ለቀቀው። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ አባቱ ጋ ደወለ፤ አያነሡም። አዝነው ነው፣ አለና ቂሙ ባሰበት። ከትንሿ ጣት ልጀምር ወይስ ከአውራ ጣት እያለ መንገዱን ገፋው።

የይጋል ቤት ቤርሼባ ውስጥ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ ውስጥ አምስት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አልበሙ ላይ የተጫወቱ ናቸው። የአባቱ የድሮ ትራምፔት ነፊ አባባ ታከለ ሳይቀሩ አሉ። እሳቸውንም ገዝቷቸዋል ለካ፣ አለ ሀይሉ በልቡ። ሁሉም ቀና ብለው አዩት።

«ና አሂ፣ ና ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አለ ይጋል። ዓይኑ ቀልቷል። «ስልክህን ስጠኝ።»

«ስልኬን ምን ታደርገዋለህ?»

«ራጋ፣ ቆይ። መጀመሪያ አባባ ታከለ ይናገሩ።»

ድራመሩ ሞሼ ከኋላው በሩን ቆለፈ። ባር የተባለው ጎረምሳ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቢላ አንሥቶ ከጀርባው ደበቀ።

ሀይሉ ከዚህ በላይ አልጠበቀም። ሞሼን በግንባሩ አፍንጫው ላይ መታው፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ባርን በእርግጫ ብሎ ግድግዳ ላይ ጣለው። ከዚያ የይጋልን ቀኝ እጅ ጨምድዶ ወደ ፒያኖው ጎተተ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ጣቶቹን አስገባና ክዳኑን በሙሉ ክብደቱ ዘጋባቸው። አጥንት ሲሰበር ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማ። ይጋል ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ።

«በል አሁን ተጫወት» አለው ሀይሉ። ውስጡ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ሁሉም ተረባረቡበት። ሁለት እግሮቹን፣ ሁለት ክንዶቹን ይዘው ወለሉ ላይ አስተኙት። ሀይሉ ሊመቱት ነው ብሎ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ዱላ አልመጣም። ሞሼ ደሙ እየተንጠባጠበ ክንዱን ከመያዝ በቀር ምንም አላደረገውም።

«እንዳትለቁት» አሉ አባባ ታከለ።

ይጋል የተሰበረውን እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ እየተሳበ መጣ። ጤነኛ እጁን ከሀይሉ ራስ ሥር አስገባ።

አባባ ታከለ አጠገቡ ተንበርክከው፣ «በርታ ልጄ» አሉት፤ «አባትህ ትናንት ማታ አርፈዋል፤ በይጋል እጅ ላይ።»