ተሳቢው

የመጨረሻዋን ጎማ ከእንጨት የሠራው ትንሽ ተሳቢ ላይ ለጥፎ ማጣበቂያው እስኪደርቅ በጣቱ ያዛት። ከላይ ክንድ የማትሞላ የእንጨት የጦር ጀልባ ታስራበታለች፤ እትዬ ስንዱ ከሟች ልጃቸው ከአበጋዝ ፎቶ አጠገብ ሊያስቀምጧት ያሠሯት ናት።

«ይሄ ጋሪ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ሊወስዷት መጥተው ገና ከበሩ።

«ተሳቢ ነው እትዬ፤ እኔና አበጋዝ ጀልባዋን ወደ ባሕር የወሰድንበት።»

«ወዲያ አንሣልኝ! ባሕር ላይ ሲዋጋ የወደቀውን ልጄን እንደ ድንች ጫንክብኝ?» ብለው ሳቁ። «መርዶውን የነገርከኝ አንተው አይደለህ?»

እሱው ነው። አበጋዝ በሞተበት ቀን የተሳቢውን መቆለፊያ ሳያጠብቅ መኪናውን የነዳውም እሱ ነው። ተሳቢው ከመኪናው ተላቆ ገደል ሲገባ፣ ጀልባዋ ውስጥ ተኝቶ የነበረው አበጋዝ ባሕሩን ለማየት ሁለት ኩርባ ቀርቶት ነበር።

«እትዬ...»

«አቤት ልጄ?»

«እሺ፣ አነሣዋለሁ።»

ገመዷን በምላጭ ቆረጠ፤ ጀልባዋን በሁለት እጁ ሰጣቸውና ተሳቢውን አልጋው ሥር ገፋው።