ለአፍ የሚከፈል

«ስንት ልስጥሽ፣ ልጄ?» አሉ ከጉና የመጡት እናት፣ ለመሄድ ተነሥተው የመቀነታቸውን ቋጠሮ እየፈቱ።

የሥነ ልቦና አማካሪዋ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ «አራት መቶ ብር» ማለትን ስትለማመድ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ የራሷን ቢሮ ከከፈተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኚህ ነበሩ። ዋጋውን ብትናገር ዳግመኛ ላይመጡ ነው፤ ባትናገር የቢሮው ኪራይ ያባርራታል። «ለዛሬስ ይቅር፣ እማማ» አለች።

የሴትዮዋ ጣቶች ቋጠሮው ላይ ደረቁ። ፊታቸው ጠቆረ። «ይቅር? በነጻማ ለጎረቤቴ አወራው አልነበር! እንቅልፍ ማጣቴን ነግሬሽ ገንዘቤን ላትቀበይ ነው? ያልተከፈለው አፍ እኮ ገበያ ይወጣል!»

«አራት መቶ» አለች አማካሪዋ፣ እንደ ጫጩት ሲጥ ብላ።

«ሦስት መቶ!»

«እሺ።»

ብሩን መዳፏ ላይ አኖሩና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው እንደገና ተቀመጡ።

«በይ፣ አሁን ዋናውን ልንገርሽ።»