የላንጋኖ ሳህን

የትዝታውን ድምፅ ለሌላ የሰጠ ሰው መልሶ አይሰማውም። ይህን እያወቅሁ፣ በልጄ በልዕልና ልደት፣ በልጅነቴ ላንጋኖ የከረምኩበትን ካምፕ ድምፅ ሰጠኋት፤ ድንኳን ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የእንቁራሪቶቹን ጫጫታ፣ ለምሳ ሲጠሩን በማንኪያ የሚቀጠቀጠውን የቆርቆሮ ሳህን። እህቴ «ሞኝ!» አለችኝ። ትበል። አሁን ላንጋኖ ለእኔ ድምፁ እንደተዘጋ ፊልም ነው፤ ልጄ ግን ዝናቡን እየሰማች ፈገግ ብላ ትተኛለች።

ቅዳሜ ምሳ ሲደርስ ልዕልና ማዕድ ቤት ሆና ሳህን በማንኪያ ቀጠቀጠች። ድምፁ ለእኔ እንግዳ ነበር፤ እግሬ ግን ሳያማክረኝ ሮጠ።

«እማዬ፣ ምን ያስሮጥሻል?»

«እኔ እንጃ!» አልኩ እያለከለክሁ። አባቷ ከኋላዬ እየተጎተተ ሲገባ ሳየው ግን የካምፑ ደንብ ከአፌ አመለጠኝ፦

«መጨረሻ የደረሰ ድስት ያጥባል!»