የሽማግሌው ሐኪም ዊግ

ዊጉ ከመቶ ዓመት በፊት ለአንድ አስቂኝ ኦፔራ የተሠራ ነው፤ ልጃገረድ ላግባ እያለ መሳቂያ ለሚሆነው ሽማግሌ ሐኪም። በኔዘርላንድ፣ ስኪዳም ከተማ ባለው የቲያትር አልባሳት መጋዘን፣ መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ ብናኝ ለብሶ ይቀመጣል።

የመጋዘኑ ጽዳት ሠራተኛ ብዙወርቅ አቧራ አትወድም። የስድስት ወር ውሏ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል፤ ቋሚ መሆን አለመሆኗን አለቃዋ ሊና ዓርብ ትነግራታለች። ቅዳሜ መስኮቱን ወለወለች፣ መደርደሪያውን ወለወለች፣ በመጨረሻ ዊጉን በሻምፑ አጥባ ማሞቂያው ላይ አሰጣችው።

የእሑድ ተረኛ እትዬ ዓለምወርቅ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ሽበታቸው ወገባቸው ይደርሳል፤ በዴን ሃግ ላክ ሰፈር ያሉ ሐበሻ ሴቶች ለበዓል ሹሩባ የሚሠሩት እሳቸው ዘንድ ነው።

ሰኞ ዊጉ አልነበረም።

ሊና ሁሉንም ጠየቀች። ብዙወርቅ ስለ ማጠቧ አላነሳችም፤ ንጹሕ አድርጋ ትታዋለች፣ ምን ይወራል? እሑድ ማን እንደነበረ ግን ተናገረች። ዘበኛው አሳምነውም አሮጊቷ ትልቅ ቦርሳ ይዘው ሲወጡ ማየቱን መሰከረ። እትዬ ዓለምወርቅ የዚያን ቀን እስከ ግንባራቸው ሻሽ አስረው ነበር የመጡት። አልካዱም። ዓርብ ይመለሳል ብቻ አሉ። ሊና ከሥራ አገደቻቸው።

«በስተርጅና ሊሞሸሩ ነው መሰለኝ» አለ አሳምነው።

ብዙወርቅ አብራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ምግቡም፣ ባቡሩም፣ ጸሎቱም አንድ ሆነባት። ምንም አይሰማትም።

ዓርብ ዊጉ አምስተርዳም ለኤግዚቢሽን መድረስ ነበረበት። ሊና ቋንቋችሁ አንድ ነው ብላ ብዙወርቅን ጠዋት ዴን ሃግ፣ እትዬ ዓለምወርቅ ቤት ላከቻት።

እትዬ ዓለምወርቅ በሩን ከፍተው አስገቧት። ዊጉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አጠገቡ መርፌና ክር።

«ምነው እትዬ፣ ለምን ወሰዱት?»

«አቧራ አልነበረም ልጄ። ለመድረክ የሚነሰንሱት ዱቄት ነው። ፀጉሩ የተጣበቀበት ሙጫ ውሃ አይችልም፤ እሑድ ስገባ ፀጉሩ ሁሉ ወለሉ ላይ ረግፏል።» የተረፈውን ክር ጠቀለሉ። «ውልሽ ዓርብ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

ብዙወርቅ ዊጉን ዳሰሰችው። አንድም የሳሳ ቦታ የለውም።

ዊጉን ሊያስይዟት ጎንበስ ሲሉ ሻሻቸው ተንሸራተተ፤ ከሥሩ የተላጨ ራስ ነበር።