ዝም ያላለው ታንክ

የታንክ መርማሪዋ እየሩስ እጇን አንስታ "ይበቃል፣ አቁመው" አለች። ኦፕሬተሩ ሸጋው ኮምፕሬሰሩን አጠፋ። የአየር ታንኩ ግፊት ባለበት ቆመ።

ደህና ብረት በዚህን ጊዜ ዝም ይላል። ስንጥቁ እየሰፋ ያለ ብረት ግን ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያወጣል፤ በታንኩ ዙሪያ የለጠፈቻቸው ሴንሰሮች የሚያዳምጡት ያንን ነው። ራቅ ካለ አለት ጀርባ ሆና ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠች። የድምፁ ነጥቦች አልቆሙም። እንዲያውም በታችኛው ብየዳ አጠገብ ይፈሉ ጀመር።

ታንኩ ከሰቆጣ ሲመጣ ዳገቱ ላይ ከመኪና ወድቋል። ከቀለሙ መፋቅ በቀር የሚታይ ጉዳት የለውም፤ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮው ኃላፊ ጋሽ ይርዳውም ምርመራውን የፈቀዱት ለወጉ ያህል ነበር። አሁን መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ይህ ታንክ ስንት ጉድጓድ እንዳስቆፈረ፣ ሌላ እስኪመጣ ምን ያህል እንደሚዘገይ ነገሯት። ከግራሩ ሥር ጀሪካን ይዘው የተቀመጡትን ሴቶች አሳዩዋት። ግፊቱን ቀነስ አድርገን እንሥራ አሉ።

"ጋሽ ይርዳው፣ ብረቱ እየተቀደደ ነው። አሁን ነግሮናል፤ ሁለተኛ ሳይነግረን ሊፈነዳ ይችላል።"

"ሸጋው፣ ሞተሩን አስነሳ" አሉ ጋሽ ይርዳው።

እየሩስ የታንኩን አየር ማስተንፈሻ የሚከፍተውን ገመድ ከሩቅ ሳበችው። አየሩ እየጮኸ ወጣ። ከግራሩ ሥር እልልታ ቀለጠ፤ ሴቶቹ ቁፋሮው የተጀመረ መስሏቸው ነበር።

እልልታው እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ሄዳ ራሷ ነገረቻቸው፤ ዛሬ ቁፋሮ የለም፣ የከለከልኩትም እኔ ነኝ አለች።

ወለተ ሚካኤል የሚባሉ አሮጊት ብድግ አሉ። "ልጄ፣ እኛ የምንቀዳው ከገደል ሥር ወርደን ነው። ይህን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፣ እማማ። ቢሆንም በዚህ ታንክ አይቆፈርም፤ ተሰንጥቋል፣ ቢፈነዳ ሰው ይጨርሳል።"

ጋሽ ይርዳው ማስተንፈሻውን እንዲዘጉ ሠራተኞቹን አዘዙ። እየሩስ ቀደመቻቸው፤ እንደገና አየር እንዳይሞሉት ባዶው ታንክ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በፀሐይ የጋለው ብረት ልብሷን አልፎ ይለበልባታል። ሠራተኞቹ መፍቻቸውን እንደያዙ ባሉበት ቀሩ።

ወለተ ሚካኤል ቀስ እያሉ መጡ። ፊታቸው አልተፈታም፤ ቀና ብለውም አላዩዋት። ጀሪካናቸውን አስቀመጡና፣ ጀርባቸውን ለታንኩ፣ ፊታቸውን ለሠራተኞቹ ሰጥተው ከእግሯ ሥር ተቀመጡ።