የቁም ሳጥኑ ቁልፍ

ምራቲቱን ሰፈሩ ሁሉ «ቁልፌ» ነው የሚላት። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። የአማቷ የደም ግፊት መድኃኒት እዚያ ውስጥ ይቆለፋል። አሮጊቷ ለገዛ መድኃኒታቸው ደጅ ይጠናሉ። ይሄ ደግ ሥራ ነው ትላላችሁ?

አሮጊቷ እንዲህ አልነበሩም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ረፋድ ላይ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የገዛ ልጃቸውን ስም ይስታሉ። ያኔ ቁልፌ እየሮጠች ቁም ሳጥኑን ትከፍታለች፤ ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ትግታቸዋለች። በመስኮት ያየ አይሳሳትም፤ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ነው።

ደግነቱ ልብስ ሰፊዋ አለች። የአርባ ዓመት ባልንጀራቸው ናት። ራሷም ታማ ከርማ ነበር፤ ከሐኪም ቤት መልስ እንደ ኮረዳ ሆናለች። ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ጎራ ትላለች። ዳቦም ይሁን ብርቱካን፣ ያላትን እንደ ጨርቅ ለክታ እኩል ታካፍላቸዋለች። ሻይዋን ያለ ስኳር እየጠጣች ሁለቱ ይንሾካሾካሉ። ቁልፌ ስትገባ ጸጥ! ስለ ማን እንደሚያወሩ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ባለፈው ወር ነርሷ ሰፈሩን ሰብስባ ስለ መድኃኒት አስተምራ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የተማሪዎች ልብስ ደርሶባት ቀረች። እኛ የነርሷን ጫማ ስናይ ቁልፌ ፊት ተቀምጣ አንድ ቃል ሳታስመልጥ አዳመጠች። ለምን እንደሆነ አሁን ገባን።

ሐሙስ ዕለት አሮጊቷ ወደቁ። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ሰው ግን አይለዩም። ልጃቸው ከሥራ ተጠርቶ መጣ።

«ልጄ፣ እናትህን እየገደለችልህ ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የባልንጀራዋን ራስ ታቅፋ።

«አንቺ፣ እማዬን ምን አጠጣሻት?» አለ ልጃቸው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«ሲያማቸው ነው እንጂ የምሰጣቸው...» አለች ቁልፌ።

«ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ! ልጆቹን እንዳትነኪ!»

ነርሷ ደርሳ የአሮጊቷን ጣት ወጋች። መለኪያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ስኳራቸው እጅግ ወርዷል። የስኳር በሽታ አለባቸው እንዴ?»

«ኧረ የለባቸውም፤ ግፊት ብቻ ነው» አለ ልጃቸው።

«ታዲያ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ማን ሰጣቸው?»

ሁላችንም ወደ ቁልፌ ዞርን። ባሏ ክሩን ከአንገቷ በጥሶ ቁም ሳጥኑን በረገደው። የግፊቱ መድኃኒት አለ። ነጩ ዱቄትም አለ። ነርሷ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ከዚያ ራሷ በውሃ በጥብጣ ለአሮጊቷ በማንኪያ ማጠጣት ጀመረች።

«ስኳር ነው» አለች። «እስከ ዛሬ ያቆያቸው ይሄ ነው። መድኃኒት ቆልፉ፣ ላብ ሲያጠምቅ ስኳር አጠጡ ያልኩትን የሰማችው እሷ ብቻ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ካቀፈችው ራስ ላይ እጇን ቀስ ብላ አነሳች።

«እኔ እኮ... ከኪኒኔ ግማሽ ግማሹን ብቻ ነው ያካፈልኳት።»